የግራው ፒስተን ብቻ ለምን ይቀልጣል?

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። አሸዋ ላይ የምነዳው ያማሃ ባንሺ 350 ባለአራት ጎማ ሞተር አለኝ። ማርሚታውን በውድድር ማርሚታ ቀየርኩ፤ የአየር ማጣሪያውንም ክዳን አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ የግራው ፒስተን ደጋግሞ ይቀልጣል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጄት በትልቅ ብቀይርም ለውጥ የለም። የቀኙ ደህና ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ሌላ ፒስተን ከመግዛትህ በፊት ቆም በል። ጄት መጨመርህ ልክ ነው። ግን ችግሩ የጄት መጠን ብቻ ቢሆን ሁለቱም ፒስተኖች ይጎዱ ነበር። አንዱ ብቻ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አየር መግባቱን ነው። በባንሺ ግራ በኩል፣ ከማግኔቱ ኋላ፣ የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ) ኦይል ሲል፣ ማለትም አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ የጎማ ቀለበት፣ አለ። እሱ ሲያረጅ ሞተሩ የውጭ አየር ይስባል፤ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ይሳሳል፣ ማለትም ቤንዚኑ ያንሳል፤ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይግላል። የቀኙ ሲል ቢበላሽ የማርሽ ዘይት ስለሚገባ በጭሱ ታውቀው ነበር። የግራው ግን እንዲህ ያለ ጭስ አይሰጥም፣ ክፋቱም እሱ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የጭስ መውጫዎቹንና ካርቡሬተሮቹ የሚሰኩባቸውን ጎማዎች ድፈን። ሞተሩ ውስጥ እስከ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አየር ሙላ፤ 6 ደቂቃ መያዝ አለበት። ከቀነሰ የሳሙና ውሃ ርጭና አረፋውን ተከተል። የካርቡሬተር ጎማዎቹንና ሁለቱን የሚያገናኘውን ቱቦም በደንብ እያቸው። ግፊቱን ከያዘ የግራውን ካርቡሬተር ፈትተህ እጠብ፤ የተደፈነ ጄትም እንዲሁ ያቀልጣል።