ጥያቄና መልስ፦ ፊድ፣ ብርቱካናማው ምልክትና ሌሎችም

ስለ ድረ ገጽ ፊድ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ።

የሐዋሳ አንባቢ ፊድ ምን እንደሆነና በገጾች ግርጌ የሚያዩት ብርቱካናማ ምልክት ምን እንደሚሠራ ይጠይቃሉ።

ፊድ ማለት ድረ ገጹ አዲስ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር ርእሱን፣ ቀኑን፣ አድራሻውንና አብዛኛውን ጊዜ ጭምቅ ሐሳቡን የሚመዘግብበት ፋይል ነው። ማንበቢያ የሚባለው መተግበሪያ ፋይሉን በየጊዜው እየጎበኘ አዲሱን ለይቶ ያቀርብልዎታል። አርኤስኤስ የሚባለው የፊድ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትስኬፕ ከሚባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ኩባንያ ወጣ፤ አተም የሚባለው በኋላ መጣ። ማንበቢያዎቹ ሁለቱንም ስለሚያውቁ በዚህ አይጨነቁ። ከነጥብ በላይ ሁለት ቅስት ያለው ምልክት «ፊድ እዚህ አለ» ማለት ነው።

«ምልክቱን ስጫን ቅንፍ በቅንፍ የሆነ ጽሑፍ ተዘረገፈብኝ። ቫይረስ ነው?»

አይደለም። ያዩት ፋይሉን ራሱን ነው፤ የተጻፈው ለማሽን እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ፋየርፎክስ የሚባለው ማሰሻ ድሮ አሳምሮ ያሳየው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ተወው። ከላይ ያለውን አድራሻ ቀድተው ፊድሊ፣ ኢኖሪደር ወይም ተንደርበርድ ከሚባሉት ማንበቢያዎች በአንዱ ውስጥ አዲስ ፊድ መጨመሪያው ላይ ይለጥፉት። ምልክቱን ካላገኙ የድረ ገጹን ዋና አድራሻ ለማንበቢያው ይስጡት፤ ብዙ ጊዜ ማንበቢያው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

አንድ ተማሪ፦ ይከፈልበታል?

አይከፈልበትም። መተግበሪያዎቹ የሚሸጡት ተጨማሪ አገልግሎት ለጀማሪ አያስፈልግም።

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልኝ ሰው ተቆጥተዋል፦ ፌስቡክና ቴሌግራም እያሉ ይህ ያረጀ ነገር ለምን?

ማርጀቱን አልክድም። ነገር ግን ፌስቡክ ላይ ሃያ ገጽ ቢከተሉ፣ ከሃያው የትኛው ዛሬ ፊትዎ እንደሚቀርብ የሚወስነው ኩባንያው ነው። የሚወስነውም ምን ቢያይ ይቆያል፣ ምን ቢያይ አስተያየት ይሰጣል ብሎ ነው፤ ስለዚህ ስድብ ያለበት ልጥፍ ከላይ፣ የዝናብ ትንበያው ከታች ይሆናል። ፊድ ላይ የመረጡት ሁሉ በቀኑ ቅደም ተከተል ይመጣል፤ ደግሞም ያልቃል። አዲስ ነገር ከሌለ «የለም» ይልዎታል፤ ስልክዎን አስቀምጠው ወደ ሥራዎ ይሄዳሉ። ለአሳታሚው ስልክ ቁጥርም ኢሜይልም አይሰጡም፤ መተው ሲፈልጉ ከዝርዝርዎ ይሰርዙታል፣ የሚያባብልዎ የለም። የቴሌግራም ቻናል በቅደም ተከተሉ ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ቤቱ የሌላ ሰው፣ ማለትም የቴሌግራም ኩባንያ፣ መሆኑ ነው።

የማንበቢያውስ ቤት የማን ነው ቢሉኝ ልክ ነዎት። የጉግል ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ሲዘጋ ብዙዎች ሜዳ ላይ የቀሩ መስሏቸው ነበር። ሆኖም የፊድ ዝርዝራቸውን በኦፒኤምኤል፣ ማለትም ማንበቢያዎች ዝርዝር በሚለዋወጡበት ፋይል፣ ያወጡ ሰዎች ወደ ሌላ ማንበቢያ አስገብተው ንባባቸውን ቀጠሉ። የፌስቡክ ተከታይነትዎን ጠቅልለው እንዲህ ይሂዱ እስቲ! ይልቅ ዝርዝርዎን አልፎ አልፎ እያወጡ ያስቀምጡ። ፖድካስት የሚያዳምጡ ከሆነ ደግሞ ሳያውቁት የአርኤስኤስ ደንበኛ ነዎት፤ ክፍሎቹ ወደ ስልክዎ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በፊድ ነው። አንድ ነገር ግን አያደርግልዎትም፦ ውሸት አያጣራም። የሚዋሽ ድረ ገጽ ከመረጡ ውሸቱን በሰዓቱ ያደርስልዎታል።

አንዲት እናት፦ «የፊድ ምዝገባዎን ያጠናቅቁ» የሚል መልእክት ደርሷቸው የባንክ ካርድ ቁጥርና በስልክ የተላከ የይለፍ ኮድ ሰጥተዋል።

እናቴ፣ ይህን ማንበብ ያቁሙና አሁኑኑ ባንክዎ ይደውሉ፤ ካርዱን ያግዱልዎት። ነገ አይበሉ፣ ልጄ ከሥራ ሲመለስ አይበሉ። ፊድ ለመከታተል ካርድም ኮድም አያስፈልግም፤ ጠያቂው ሌባ ነው። ከባንኩ ቀጥሎ ለፖሊስ ያመልክቱ።

«የቢሮ ኮምፒውተሬ ፊዱን አልከፍትም አለኝ።»

የቢሮዎን የኮምፒውተር ባለሙያ ይጠይቁ፤ ከተገኘ።

«አማርኛው ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይታየኛል።»

መሣሪያዎ የግእዝ ፊደል ፎንት የለውም፤ ይጫኑበት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው አርኤስኤስ በወጣበት በዚያው በ1999 ስለሆነ ፊዱን አይውቀሱ።