ደንበኛ የምጠብቅበት ሰዓት ለምን አይከፈለኝም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በማሳጅ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን የላኳቸው ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ለእነሱ ሰጥተናል። የፌዴራሉ ሕግ በሁሉም ቦታ አንድ ነው። የስቴቱ ግን ይለያያል፣ ስለዚህ የት እንደምትሠሩ ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ፈቃድ ያለኝ ማሳጅ ቴራፒስት ነኝ፣ የምሠራውም በአንድ ትልቅ ፍራንቻይዝ ስም በተከፈተ ቤት ነው። የሚከፈለኝ በሰዓት ሳይሆን በሠራሁት ማሳጅ ልክ ነው፤ ለአንዱ 22 ዶላር። ሺፍቴ ስምንት ሰዓት ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ፎጣ አጥፋለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ አባልነታቸውን ላቋረጡ ሰዎች ስልክ እደውላለሁ። ማናጀሯ ደግሞ "ደንበኛ ከሌለሽ ክሎክ አውት አድርጊ፣ ግን ሰው ሊገባ ስለሚችል እንዳትሄጂ" ትላለች። ባለፈው ሳምንት አምስት ቀን ገብቼ የሠራሁት 18 ማሳጅ ብቻ ነው። ይሄ ሕጋዊ ነው ወይ? ስገባ የፈረምኩት ወረቀት በአካባቢው ሌላ ቤት እንዳልሠራ ይከለክላል። ስለ ደሞዝ እርስ በርስ ማውራትም ክልክል ነው ተብለናል።

መልስ፦ እህቴ፣ ክሎክ አውት አድርጊ ግን እንዳትሄጂ ማለት አይፈቀድም። ይሄን በቅድሚያ እወቂው። ቀጣሪሽ ቤቱ ውስጥ እንድትቆዪ ካዘዘሽ፣ ወጥተሽ የራስሽን ጉዳይ መፈጸም ካልቻልሽ፣ ያ ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። ፎጣ ማጠፍማ ጭራሽ አያከራክርም፣ ሥራ ነው። አንሶላ ማጠብም፣ ስልክ መደወልም፣ ስለ ደንበኛው ማስታወሻ መጻፍም እንደዚያው። ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ አጭር እረፍት እንኳ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል። የማይቆጠረው ከሥራ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆንሽበት የምሳ ሰዓት ነው፣ ወይም "ሁለት ሰዓት ሂጂና ተመለሺ" ተብለሽ በእውነት የሄድሽበት ጊዜ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። 18 ማሳጅ በ22 ዶላር 396 ዶላር ነው። ቤቱ ውስጥ የቆየሽው 40 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 9 ዶላር ከ90 ሳንቲም ይደርስሻል ማለት ነው። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ ደሞዝ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ 12 ዶላር ከ77 ሳንቲም ነው። ለ40 ሰዓት 510 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ በዚያ አንድ ሳምንት ብቻ 114 ዶላር ከ80 ሳንቲም ጎድሎብሻል።

ቀጣሪው "ቲፕ አለሽ እኮ" ሊልሽ ይችላል። ቲፕን ከዝቅተኛው ደሞዝ ላይ መቁጠር በቨርጂኒያም በፌዴራልም ይፈቀዳል፣ ነገር ግን እንደዚያ እንደሚያደርግ ቀድሞ ሊነግርሽ ይገባል። ሳይነግርሽ ቆይቶ ስትጠይቂው ድንገት ማንሳት አይችልም። ባለቤቱም ሆነ ማናጀሯ ከቲፕሽ መውሰድ አይችሉም፣ ከ2018 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ይህን በግልጽ ይከለክላል።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ። ጥሩ ሳምንት ሲሆንና 28 ማሳጅ ስትሠሪ 616 ዶላር ታገኛለሽ፣ ለ40 ሰዓት ሲካፈል 15 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይወጣል፣ ያኔ የፌዴራሉ ሕግ ምንም አይልም። ሕጉ የሚያየው የሳምንቱን ጠቅላላ ገንዘብ ለሳምንቱ ጠቅላላ ሰዓት አካፍሎ ስለሆነ በማሳጁ ያገኘሽው ጥሩ ክፍያ ለፎጣውና ለስልኩ ሰዓት መሸፈኛ ይሆናል። ካሊፎርኒያ ይህን በር ዘግታዋለች። እዚያ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ብዛት የሚከፈለው ሠራተኛ ደንበኛ ለሌለበት ሰዓትና ለእረፍቱ ለብቻው ይከፈለዋል። እዚህ እንደዚያ ያለ ሕግ የለንም። ሕጋዊ ነው ማለት ግን ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም፣ አንቺም ተበድያለሁ ብለሽ ማሰብሽ ትክክል ነው።

ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው? የእነዚህ ፍራንቻይዞች አሠራር አዲስ አይደለም። ማሳጅ ኤንቪ በ2002 አሪዞና ውስጥ ተጀመረ፣ ሃንድ ኤንድ ስቶን በ2004 ኒው ጀርሲ ውስጥ። ሐሳቡ ማሳጅን እንደ ጂም በወርሃዊ አባልነት መሸጥ ነው። ደንበኛው በየወሩ ይከፍላል፣ በምላሹ ዋጋ ይቀንስለታል። ቤቱን የከፈተው ባለሀብት ደግሞ ለስሙ ባለቤት በየጊዜው የሚከፍለው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ ተሰልቶ ነው። ተርፎትም ይሁን ከስሮ ይከፍላል። የቤት ኪራዩን መቀነስ አይችልም፣ የማስታወቂያ መዋጮውንም አይችልም። የሚችለው የሠራተኛውን ክፍያ መጭመቅ ነው። ሕመሙ ሁሉ አንቺ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ቀጣሪዬ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ትልቅ ስም ነው ብሎ ያስባል፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ይጽፋል፣ እነሱ ደግሞ "ቅርንጫፉ የራሱ ባለቤት አለው" ብለው ይመልሱታል። ፔይቼክሽን አውጪና ተመልከቺ። እዚያ ላይ ሌላ ስም ታገኛለሽ፣ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) የሚል። ቀጣሪሽ እሱ ነው፣ አቤቱታም የምታቀርቢው በእሱ ስም ነው።

ስለፈረምሽው ወረቀት፦ ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኞችን በእንዲህ ያለ ውል ማሰር ከልክላለች። በጁላይ 2025 ደግሞ ኦቨርታይም የሚገባቸውን ሠራተኞች በሙሉ ጨመረች። ከ2020ው ቀን ወዲህ ከፈረምሽ በምታገኚው ገንዘብ ልክ ወረቀቱ አያስርሽም። የደንበኞችን ስምና ስልክ ዝርዝር ቀድተሽ አትውጪ እንጂ ሌላ ቤት መሥራት ትችያለሽ።

ደሞዝ አታውሩ የሚለውም ውድቅ ነው። ከ1935 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ሠራተኞች ስለ ክፍያቸው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ መብት ይሰጣል። ማኅበር ባይኖርም ይሠራል። እንደውም ተነጋገሩ። አንዷ 22፣ ሌላዋ 26 እንደሚከፈላት የምታውቁት ስታወሩ ነው።

ከዛሬ ጀምረሽ ደብተር ያዢ። የገባሽበትን ሰዓት፣ የወጣሽበትን፣ የሠራሽውን ማሳጅ፣ በመሀል ምን ታዘሽ እንደነበር በየቀኑ ጻፊ። የሺፍት ሰሌዳውን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ማናጀሯ የላከችውን ቴክስት አታጥፊ። ቀጣሪው ሰዓትሽን በትክክል ካልመዘገበ በራስሽ እጅ የጻፍሽው ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ አቤቱታሽን ለቨርጂኒያ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት አቅርቢ፣ የስቴቱን ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያስከብረው እሱ ነውና። የፌዴራሉ ዝቅተኛ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች የወረድሽበት ሳምንት ካለ ወይም ኦቨርታይም ካልተከፈለሽ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የደሞዝና ሰዓት ክፍል በ1-866-487-9243 ደውዪ። ነጻ ነው፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ስምሽን በምስጢር ይይዛሉ። በፌዴራሉ ሕግ ወደኋላ ሁለት ዓመት፣ ቀጣሪው ሆን ብሎ ከሆነ ሦስት ዓመት መጠየቅ ይቻላል። ስለጠየቅሽ ሊያባርርሽ ወይም ሰዓትሽን ሊቀንስ አይችልም፤ ካደረገው ሌላ ጥፋት ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ወንድ ቴራፒስት ነኝ። የሚከፍሉኝ በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ላልሆነና ለራሱ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው የታክስ ፎርም ነው። "አንተ የራስህ አለቃ ነህ" ይሉኛል፣ ነገር ግን ሺፍቱን የሚያወጡት እነሱ ናቸው፣ የደንብ ልብስ አለን፣ ከዘገየሁ እቀጣለሁ። ደንበኞች ደግሞ አብዛኞቹ ሴት ቴራፒስት ስለሚመርጡ ቁጭ ብዬ የምውልበት ቀን ብዙ ነው። ታክስ ስሠራ የወጣብኝ ገንዘብ አስደነገጠኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ አንተም ምን ብለህ እንደፈረምክ አይወስነውም። የሚወስነው ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ነው። ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው? ደንበኛውን የሚመድበውስ? ሺፍት እምቢ ብትል ምን ይደርስብሃል? ሌላ ቦታ እንደልብህ ትሠራለህ? ዘይቱ፣ አልጋው፣ ፎጣው የማን ነው? በጻፍከው ብቻ ስፈርድ አንተ ተቀጣሪ ትመስላለህ፣ ሊከፈልህ የሚገባውም ለተቀጣሪ በሚሰጠው ፎርም፣ በደብሊው-2 ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ተቀጣሪ ብትሆን ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከሚከፈለው ግማሹን፣ 7.65 በመቶውን፣ ቀጣሪው ይከፍል ነበር። አሁን 15.3 በመቶው በሙሉ አንተ ላይ ነው። ያስደነገጠህ እሱ ነው። ዝቅተኛ ደሞዝም፣ ኦቨርታይምም፣ ከሥራ ስትወጣ የሥራ አጥ ክፍያም፣ እጅህ ሲጎዳ የጉዳት ካሳም በ1099 የሉም። ሜሪላንድ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው 15 ዶላር ነው፣ አንተ ያለህበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ተቀጣሪ ነህ ከተባለ ቁጭ ብለህ የምትጠብቅባቸው እነዚያ ባዶ ቀናትም በዚህ ይሰላሉ። ላይ ለእህታችን የሰጠሁት ስልክ ለአንተም ይሠራል። ከዚያ በተጨማሪ የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ ማለት ነው፣ ፎርም ኤስኤስ-8 የሚባል አለው፤ ሞልተህ ስትልክ ተቀጣሪ ነህ ወይስ አይደለህም የሚለውን አይተው ይወስናሉ። ጊዜ ይወስዳል። ቀጣሪውንም ስለሚጠይቁት ከመላክህ በፊት የሠራተኛ ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አማክር።

ጥያቄ፦ ልጄ ፌርፋክስ ውስጥ ማሳጅ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ክፍያው ቀላል አይደለም። እናት ነኝና ስለ ደህንነቷም እሰጋለሁ። ትግባ ወይስ ትተወው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፣ ሙያው ግን የተከበረ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቢያንስ 500 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል፣ ከዚያ ኤምብሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ አለባት፣ ፈቃዱን የሚሰጠውም የነርሶች ቦርድ ነው። ይህን ሁሉ አልፋ የመጣች ባለሙያ ፎጣ እያጠፈች በነጻ መዋል የለባትም።

ትምህርት ቤቶች የሚያሳዩትን የገቢ ቁጥር በጥንቃቄ ይዩት። የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ በሜይ 2023 የማሳጅ ቴራፒስቶች መካከለኛ ደሞዝ በዓመት 55,310 ዶላር ነው ብሏል። ይህ ቁጥር የሚገኘው ግን የሰዓቱን ክፍያ በዓመት 2,080 ሰዓት በማባዛት ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ 40 ሰዓት እንደተሠራ ተቆጥሮ። በሳምንት 40 ሰዓት ሰውነት የሚያሽ እጅ ብዙ ዓመት አይቆይም። ሃያ ወይም ሃያ አምስት ሰዓት በእጅ መሥራት ራሱ ከባድ ነው።

እጅ ስል አንድ ነገር አስታወሰኝ። አውራ ጣት፣ አንጓና ክንድ ቀስ በቀስ ነው የሚጎዱት፣ የቨርጂኒያ የሥራ ላይ ጉዳት ሕግ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚመጣ ጉዳትን በአብዛኛው አይሸፍንም። ካርፓል ተነል የሚባለውን የአንጓ ሕመም ይቀበላል፣ ማስረጃው ግን ጠንካራ መሆን አለበት። ስለዚህ ሕመም የጀመራት ቀን ሐኪም ትይ፣ ለቀጣሪዋም በጽሑፍ ታሳውቅ። "ያልፋል" ብላ አትቆይ።

ስለ ደህንነቷ፦ ደንበኛ ያልተገባ ነገር ከተናገረ ወይም ካደረገ ማሳጁን አቁማ መውጣት ትችላለች። ማንንም ማስፈቀድ የለባትም። ቀጣሪው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው የፌዴራሉ ሕግ ከደንበኛ ከሚመጣ ጾታዊ ትንኮሳም እንዲጠብቃት ያስገድደዋል። አውቆ ዝም ካለ በ300 ቀን ውስጥ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከት ትችላለች። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄድ በግልጽ ትጠይቃቸው፦ እንዲህ ያለ ደንበኛ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ተመልሶ ይመጣል ወይ፣ ያቋረጥኩት ማሳጅስ ይከፈለኛል? የሚያንገራግሩ ከሆነ ትታቸው ትሂድ። በዚያው ደግሞ ደንበኛ ለሌለበት ሰዓት ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቃ መልሱን በጽሑፍ ትቀበል። በቃል የተባለ ነገር ማናጀር ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ትምህርት ቤቱን "ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቁትን አገናኙኝ" ትበላቸው። አሁንም በሙያው ላይ ያሉት ስንቶቹ እንደሆኑ፣ የት እንደሚሠሩ፣ እጃቸው እንዴት እንደሆነ ከራሳቸው አፍ ትስማ። ትምህርት ቤቱ አላገናኝም ካለ ሌላ ትፈልግ።