200 ክብ ፈጥሬ አንዱ ብቻ ለምን ታየኝ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «በፓይተን እየጻፍኩ፣ በፓይግሌት (ዊንዶው ላይ ስዕል የሚስል የፓይተን ላይብረሪ) 200 ክቦች በሉፕ ፈጠርኩና ሁሉንም አንድ ባች (ቅርጾችን በጅምላ የሚያስል) ውስጥ ከተትኳቸው። ሳስነሳው የሚታየው የመጨረሻው ብቻ ነው። ኤረር የለም። ደግሞ ክሊክ የተደረገውን ክብ ለብቻው ማጥፋት እፈልጋለሁ። ባቹን አፍርሼ እንደገና ልሥራው?»

ባቹን አትንካው። ጥፋቱ እሱ ጋ አይደለም።

ኮድህን ባላየውም እገምታለሁ። ሉፑ ውስጥ አንድ ቫሪያብል አለህ፤ በየዙሩ አዲስ ሰርክል ትሰጠዋለህ። ባቹ ይይዝልኛል ብለህ ነው። ባች ግን ዕቃ ጠባቂ አይደለም። እሱ ዘንድ ያለው የቅርጾቹ ነጥብ ብቻ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ በጅምላ እንዲስላቸው የተደረደሩ የቦታና የቀለም ቁጥሮች። ሰርክሉን፣ ማለትም የፓይተኑን ኦብጀክት፣ መያዝ ያንተ ሥራ ነው። ሁለተኛው ክብ ቫሪያብሉን ሲወስድ የመጀመሪያው ያለ ያዥ ይቀራል። ማንም ያልያዘውን ኦብጀክት ደግሞ ፓይተን ያስወግደዋል። ክቡም ሲሄድ ነጥቦቹን ከባቹ ጠራርጎ ይሄዳል። 199ኙ እንዲህ አለቁ። ከፓይተን አንጻር ምንም የተበላሸ ነገር ስለሌለ ኤረርም አልመጣም።

ከሉፑ በፊት ባዶ ሊስት ክፈት፤ እያንዳንዱን ክብ እንደፈጠርክ አፔንድ አድርገው። በቃ። ሊስቱን ግን ፋንክሽን ውስጥ ፈጥረህ እዚያው እንዳትተወው፤ ፋንክሽኑ ሲያበቃ ከነክቦቹ ይሄዳል። እኔን አንድ ምሽት ሙሉ ያስለፋኝ ይኸው ነበር። የራስህ የዊንዶው ክላስ ካለህ ሊስቱን self ላይ፣ ማለትም ዊንዶው ኦብጀክቱ ራሱ ላይ፣ አስቀምጠው።

አሁን ወደ ክሊኩ። የክቡ ማዕከል 300 በ200፣ ራዲየሱ 20 ነው እንበል። ማውሱ 312 በ216 ላይ ተጫነ። ልዩነቱ ወደ ጎን 12፣ ወደ ላይ 16 ነው። 12 በ12 ሲባዛ 144፣ 16 በ16 ሲባዛ 256፤ ድምሩ 400። ራዲየሱም በራሱ ሲባዛ 400 ነው፤ ስለዚህ ክሊኩ ልክ ጠርዙ ላይ ነው። ድምሩ ከዚያ ካልበለጠ ክቡ ተነክቷል። ስኩዌር ሩት ማስላት አያስፈልግም። ፓይግሌት ቁመትን ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆጥረው፤ የማውሱም እንደዚያው ስለሆነ ምንም አትገልብጥ።

የተነካውን ስታገኝ ዲሊት የሚለውን ሜተዱን ጥራ፤ ነጥቦቹ ከባቹ ይወጣሉ፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም። ከዚያ ከሊስቱም አውጣው። አንዱን ብቻ ካደረግህ ጣጣ አለው። ዲሊት ብለህ ሊስቱ ውስጥ ብትተወው፣ በኋላ ላንቀሳቅሰው ስትል ኤረር ያፈነዳብሃል። ከሊስቱ አውጥተህ ዲሊት ባትለው ደግሞ፣ ሌላ ቫሪያብል ይዞት ከሆነ ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ሊስቱን በሉፕ እየዞርክ ከዚያው ሊስት አታውጣ፤ ቀጣዩን ይዘለዋል። የሚቀሩትን ለይተህ አዲስ ሊስት ብትሠራ ይሻላል።

ለጊዜው ልሰውረው ብቻ ካልክ ማጥፋቱ አያስፈልግም፤ ቪዚብልን ፎልስ አድርገው። ቦታውንና ቀለሙንም እንዲሁ በቀጥታ ክቡ ላይ ቀይር፤ ባቹ በሚቀጥለው ስዕል ያሳየዋል። ኦን ድሮው (ዊንዶው በተሳለ ቁጥር የሚጠራው ፋንክሽን) ውስጥ ዊንዶውን ማጽዳትና ባቹን መሳል ብቻ ይኑር። እዚያ ክብ የሚፈጥር ሰው በየፍሬሙ አዲስ ክብ እየወለደ ነው፤ ያኔ የባቹ ጥቅም ምኑ ላይ ነው?

ክቦችህ የሚደራረቡ ከሆነ የፈጠርክበትን ቅደም ተከተል አትመን። ግሩፕ (አብረው የሚሳሉ ቅርጾች ምድብ) ፍጠርና ኦርደር፣ ማለትም የመሳያ ተራ ቁጥር፣ ስጠው፤ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይሳላል፣ ትልቁ ከላዩ ያርፋል። ለዳራ 0፣ ለክቦቹ 1 ይበቃሃል። ለእያንዳንዱ ክብ የተለያየ ኦርደር ከሰጠህ ግን ጅምላው ይበተንና ወደ ችርቻሮ ትመለሳለህ።