ደብተሩ ያሸነፈው አፕ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፕሮግራም መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ለራሴ የሥራ መመዝገቢያ አፕ ልሥራ ብዬ ከተነሣሁ አራት ወር አለፈኝ። የመግቢያ ገጽ ሠራሁ፣ ባለቀለም መለያ ጨመርኩ፣ አሁን አስታዋሽ ደወል ላይ ነኝ። አንድም ቀን ግን አልተጠቀምኩበትም። የምሠራውን ሁሉ አሁንም ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። ምን አጠፋሁ? መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዙስ የትኛው ቢሆን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብተሩን አምጣውና አጠገብህ አስቀምጠው። ምን ታደርግበታለህ? አንድ መስመር ትጽፋለህ። ሲያልቅ ትሰርዘዋለህ። በቃ፣ አፕህ ይኼው ነው። ብቻህን ለምትጠቀምበት ነገር ፓስወርድ ምን ያደርግልሃል?

አልፈርድብህም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያው አፔ ቴብል (መረጃው የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ) 11 ኮለም (ዓምድ) ነበረው። የአጣዳፊነት ደረጃ፣ የሚወስደው ሰዓት፣ ምድብ፣ ምኑ ቅጡ። «ስልክ ደውል» ብዬ ለመመዝገብ አምስት ሳጥን መሙላት ነበረብኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ለማን ልደውል እንደነበር ይጠፋኛል።

አራት ኮለም ይበቃሃል፦ መለያ ቁጥር፣ ጽሑፉ፣ የተመዘገበበት ጊዜ፣ ያለቀበት ጊዜ።

አራተኛዋን ልብ በልልኝ። አብዛኞቻችን እዚያ ቦታ ላይ «አልቋል፦ አዎ ወይም አይ» ብለን እናስቀምጣለን። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር። አንድ ቀን አለቃዬ «ባለፈው ሳምንት ምን ሠራህ?» አለኝ። ዝርዝሬን ስከፍት 63 «አዎ» ተደርድሮ ጠበቀኝ። የትኛው መቼ እንዳለቀ የሚናገር አንድም የለም። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀምጥ። ባዶ ከሆነ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። በስሕተት ከነካኸው መልሰህ ባዶ ማድረግ ነው። ሰዓቱን ደግሞ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) መዝግብና ስታሳየው ብቻ ወደ አካባቢህ ሰዓት ቀይረው። እኔ ይህን ባለማድረጌ፣ አፑን ሰዓቱ ከእኔ ወደሚለይ ሰርቨር (ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተር) ሳዛውረው ማታ የጨረስኳቸው ሥራዎች ቀናቸው ተዘበራርቆ ነበር።

ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ይሁን። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፣ ነፃ ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም። ሁሉ ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። አፑን ዘግተህ ፋይሉን ኮፒ ካደረግህ ባክአፕ ያዝክ ማለት ነው። «ብራውዘር ላይ ብቻ ነው የምሠራው» ካልክ ሎካል ስቶሬጅም (ብራውዘሩ ራሱ ለሳይቶች የሚሰጠው ማስቀመጫ) ያስኬድሃል። ለአንድ ሳይት አብዛኛውን ጊዜ 5 ሜጋባይት ገደማ ይሰጥሃል፣ ለሥራ ዝርዝር ደግሞ ይተርፋል። ግን የብራውዘሩን ዳታ ያጸዳህ ዕለት አብሮ ይጠፋል። እዚያ ላይ ከቀለሙ በፊት ወደ ፋይል ማውጫ በተን ያስፈልግሃል።

በጣት እየጎተቱ ቅደም ተከተል መቀየር? እባክህ ተወው። ሁለት ሳምንቴን በልቶብኛል። አዲሱ ከላይ ይሁን፣ አለቀ።

የመግቢያ ገጹን ዛሬ ማታ አውጣው። ኮዱ ካሳዘነህ ሌላ ብራንች (ከዋናው የተለየ የኮዱ ቅጂ) ላይ አስቀምጠው። ከዚያ አፑን ክፈትና የመጀመሪያውን መስመር ጻፍ፦ «ደወል ጨምር»። ለሁለት ሳምንት እንዳትነካው። ያኔም ደወሉ ካማረህ ጻፍልኝ።