የኖትር ዳም ታላቁ ኦርጋን፦ ጥያቄና መልስ

በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል ስላለው ታላቁ ኦርጋን ከአንባቢዎች ከደረሱን ጥያቄዎች ለአራቱ መልስ እነሆ። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በየሠርጉ የምናየው ኦርጋን ዓይነት ነው ወይ?

መልስ፦ ከስሙ በቀር የሚያገናኛቸው የቁልፎቹ ረድፍ ብቻ ነው። የሠርጉ ኦርጋን ድምፁን የሚያወጣው በኤሌክትሪክ ሲሆን የካቴድራሉ ግን የትንፋሽ መሣሪያ በመሆኑ ዝምድናው ከዋሽንት ጋር ነው። ቁልፉ ሲጫኑት ቫልቭ ይከፈትና የታመቀው አየር ወደ ቧንቧው ይገባል። አንድ ቧንቧ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቧንቧዎቹ 8,000 ያህል ደርሰዋል፤ የረጅሞቹ ቁመትም 10 ሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ማን ሠራው? መቼስ?

መልስ፦ አንድ ስምና አንድ ዓመት ጠቅሶ ማለፍ አይቻልም። ከፊት የሚታየው የእንጨት ሥራ ፍራንሷ ቲዬሪ በ1733 ካጠናቀቀው ኦርጋን የተረፈ ነው፤ በ1780ዎቹ ፍራንሷ አንሪ ክሊኮ አደሰው፤ አሪስቲድ ካቫዬ ኮል ደግሞ በ1868 እንደ አዲስ ሲያዋቅረው ከቀደምቶቹ ቧንቧዎች ብዙዎቹን ሳይጥል ከራሱ ሥራ ጋር አዋሐዳቸው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይኸው ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሚበላለጡ ቧንቧዎች በአንድ ዜማ አብረው ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ እየተጫወተ ያረፈ ሙዚቀኛ አለ መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከ1900 ጀምሮ የካቴድራሉ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ሉዊ ቪዬርን፣ ዓይኑ ለማየት እምብዛም የማይችል ሰው፣ ጁን 2 ቀን 1937 ኮንሰርት እያቀረበ ሳለ እዚያው መሣሪያው ላይ ሕይወቱ አለፈ።

ጥያቄ፦ በ2019ኙ ቃጠሎ ምን ደረሰበት?

መልስ፦ ኤፕሪል 15 ቀን ጣሪያው ሲነድ እሳቱ አልነካውም፤ በውኃ የተበላሸው በመዘምራኑ አጠገብ የነበረው ትንሹ ኦርጋን ነው። ታላቁን የጎዳው ከጣሪያው የእርሳስ ክዳን የተነሣው መርዛማ አቧራ ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት በ2020 ተፈትቶ ወደ ወርክሾፖች ተወሰደና ተጸድቶ ተመልሶ ተገጠመ። ከዚያ የቀረው መቃኘቱ ነበር። ቅኝት ጸጥታ ይፈልጋል፤ ቀን ቀን ግን በካቴድራሉ ውስጥ የግንባታው ጫጫታ ስለነበር ባለሙያዎቹ በ2024 ለወራት ሌሊት ሌሊት ሠሩ፤ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲይዝ ሌላው ቧንቧዎቹ መካከል ገብቶ እያዳመጠ እያንዳንዱን ያስተካክላል። ዲሴምበር 7 ቀን 2024 ካቴድራሉ ሲከፈት የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ ሎራን ኡልሪሽ ኦርጋኑን «ንቃ» እያሉ ስምንት ጊዜ ጠሩት፤ ኦርጋኑም በየጥሪው መለሰላቸው።