የመንደራችንን ታሪክ እናጥና ላሉ የጎንደር ወጣቶች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ከማን እንጀምር?

መልስ፦ ትውልድ ከሚቆጥሩ ሽማግሌዎች። በርስት ዘመን መሬት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ ዘር ተቆጥሮ ነበር። ስለዚህ ሰው የአያት የቅድመ አያቱን ስም በቃሉ ይዞ ያድጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን አስቀረው። ያኔ 20 ዓመቱ የነበረ ጎረምሳ ዛሬ 70ን አልፏል። ቶሎ በሉ!

ደግሞ ቆጠራው ለመሬት ሙግት የተዘጋጀ መሆኑን አትርሱ። የረታው ወገን ሐረጉን ያሳምራል፤ የተረታውም ቤት ሂዱ። ርስት በእናትም ይወረስ ስለነበር እማማዎችን እንዳትዘሉ። ርስት ያልነበራቸውስ? ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ በዚህ ቆጠራ ውስጥ የሉም። የጎንደሯን ወለቃ ያለ አንጥረኞቹና ሸክላ ሠሪዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ብትጽፏት ምኑን ጻፋችሁት?

ጥያቄ፦ አባቶች ዓመተ ምሕረት አይነግሩንም።

መልስ፦ ዓመት አትጠይቋቸዋ! «አያትዎ ያገቡት ከክፉ ቀን በፊት ነው በኋላ?» በሏቸው። ክፉ ቀን ከ1880 በኋላ ከብቱ በበሽታ ያለቀበት ረሃብ ነው። ድርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲስት ጦር፣ ጎንደርን ያቃጠለውም በ1880 ነው። ጣሊያን ከጎንደር የተባረረው ኅዳር 1934 ነው። በእነዚህ መሀል እያስገባችሁ ዓመቱን ራሳችሁ አስሉት።

ጥያቄ፦ የተጻፈ ነገርስ ይገኛል?

መልስ፦ ደብራችሁ ውስጥ ፈልጉ። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጭ፣ የገዢ፣ የምስክር ስም ታገኛላችሁ። ለእኔ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ይልቅ ለመንደር ታሪክ የሚጠቅመው ይሄ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁትን ቄሰ ገበዝ በአክብሮት አስፈቅዱ፤ በፍላሽ ፎቶ አታንሱ። መጽሐፉ በቦታው ላይኖርም ይችላል። አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወስደዋል። በ1860 እንግሊዞች ከዚያ የዘረፉት ዛሬ በብዛት ለንደን፣ ብሪትሽ ላይብረሪ ነው።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን የድሮ ፍርስራሽ አለ። ብንቆፍረውስ?

መልስ፦ እንዳትነኩት። ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መቆፈር በሕግ ክልክል ነው። ፎቶ አንሱና ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቁ።

ጥያቄ፦ በጀት የለንም።

መልስ፦ ስልክና ደብተር ይበቃል። ቀበሌውን ቀድማችሁ አሳውቁ፣ ሰው እንዳይጠራጠራችሁ። ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ቡናና ስኳር ያዙ። ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ። የድምፁን አንድ ቅጂ ለልጆቻቸው ስጡ፤ የእናንተ ስልክ ቢጠፋ እነሱ ጋ ይገኛል።