ስብከቱን በስልኬ እሰማለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የግድ መሄድ አለብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ኮዬ ፈጬ ከገባን ዓመት ተኩል ሆነን። የድሮ ቤተ ክርስቲያኔ መሀል ከተማ ነው፤ ሁለት ታክሲ፣ አንዳንዴም ሦስት። መጀመሪያ እሄድ ነበር፣ ከዚያ አረገዝኩና ቀረሁ። ወንድ ልጅ ስወልድ ከዚያ ቤት አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ኳየር ያገለገልኩበት ነው! ገንፎ አገንፍታ የመጣችልኝ ኦርቶዶክስ ጎረቤቴ ናት። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም። አሁን እሁድ እሁድ ልጄን እያጠባሁ ስብከት በዩቲዩብ እሰማለሁ፣ መዝሙር እከፍታለሁ፣ እጸልያለሁ። እግዚአብሔር እንደሆነ ኮዬም አለ። ባለቤቴ ግን «ይሄ ክርስትና አይደለም» ይለኛል። እውነት ኃጢአት ነው?
የልጅ እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ። ዘግይቷል፣ ግን ከአማኝ ወገን አንድ ሰው ይበልሽ ብዬ ነው።

ቅሬታሽን «ይቅር በይና እለፊው» ብዬ አልዘለውም። አሥራ ሁለት ዓመት የዘመረች ልጅ ስትጠፋ የት ገባች ያላለ ቤት የሆነ ነገር ጎድሎታል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መውለድሽን ለማን ነገርሽ? ብዙዎቻችን «ካልጠየቁኝ አልናገርም» ብለን ቁጭ እንላለን፣ እነሱ ደግሞ «ሰፈር ቀይራለች፣ እዚያው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይዛ ይሆናል» ብለው ይቀመጣሉ። እኔም አድርጌዋለሁ፣ በሁለቱም በኩል።

አራስ ሆኖ በስልክ ስብከት መስማት ኃጢአት አይደለም። ባለቤትሽ እዚህ ላይ ትንሽ አጥብቋል። (እሱስ እሁድ የት ነው የሚውለው? አልነገርሽንም።) ነገር ግን ስልኩ ስብከቱን ነው የሚሰጥሽ። ብትቀሪ አያውቅም፣ ብትታመሚ ሾርባ ይዞ አይመጣም። አንቺም ለማንም ይዘሽ አትሄጂም፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።

እስቲ ልጁ ሲተኛ ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ጳውሎስ ታስሯል፣ ሞቱንም እየጠበቀ ነው። የሮሜን መልእክት የጻፈ ሰው ነው እንግዲህ፣ ስብከት አልቸገረውም። ምን ፈለገ? ሰው! ጢሞቴዎስን ቶሎ ድረስልኝ ይለዋል፤ ዴማስ ትቶኝ ሄዷል፣ ከእኔ ጋር ያለው ሉቃስ ብቻ ነው፣ ጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስ ስትመጣ አምጣልኝ፣ ክረምት ሳይገባ ና። ሐዋርያውም ይበርደዋል። በመጀመሪያው ሙግት ማንም አጠገቤ አልቆመም፣ ሁሉም ተዉኝ ብሎ በግልጽ ይጽፋል፣ ቅሬታውን አልደበቀም። አይቆጠርባቸው አለና ግን ሰው መፈለጉን ቀጠለ። ማርቆስንም ይዘኸው ና ይላል፤ ያ ማርቆስ ማለት ድሮ ጵንፍልያ ላይ ጳውሎስንና የአገልግሎት ጓደኛውን በርናባስን ትቷቸው የተመለሰው፣ በእሱ የተነሳ ሁለቱ የተለያዩበት ነው።

እና ምን ላድርግ ትይኛለሽ። ሕፃን ታቅፈሽ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ግቢ አልልሽም። የጳውሎስ አጋሮች የነበሩት ባልና ሚስት፣ ጵርስቅላና አቂላም፣ ቤተ ክርስቲያን ቤታቸው ነበር የምትሰበሰበው። ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ፣ ደርግ በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ የሚባለውን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ ሕንጻውን ወርሶ መሪዎቹን ሲያስር አባላቱ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። አምስት ስድስት እየሆኑ በየሰው ቤት በድብቅ መሰብሰብ ጀመሩ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ወጡ። ማይክ የለ፣ ኳየር የለ (አንቺን ቅር አይበልሽና)። አምስት ሆናችሁ ሳሎን ውስጥ ስትቀመጡ አንዱ ቢቀር ወዲያው ይታወቃላ! ማን ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ እንዳመመው ይታወቃል።

ኮዬ አማኝ አይጠፋም። ምናልባት ውሃ ሲመጣ በር የምታንኳኳልሽ ልጅ ራሷ አማኝ ትሆናለች፣ ጠይቀሻት አታውቂም ይሆናል። ሐሙስ ከሰዓት ቡና አፍሉ፣ አንድ ምዕራፍ አንብቡ፣ ስለ አንዳችሁ ጉዳይ ጸልዩ። በእግር የሚደረስ ቤተ ክርስቲያን ካለም ሞክሪው፣ በአንድ እሁድ ግን አትፍረጂ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ስጪው። ገንፎ ያመጣችልሽንም ጎረቤትሽን እንዳትረሻት፣ የእነሱ ጾም ሲፈታ ቀድመሽ በሯን አንኳኪ።

ከድሮው ኳየር ደግሞ አንዷን ምረጪና ዛሬውኑ ደውይላት። ቅሬታው ይቆይ፣ መጀመሪያ የልጁን ስም ንገሪያት።